ላሚኒን፦ ሥጋ ደዌ ነርቭን የሚይዝበት እጀታ

ከአየር ጤና ወደ ወለቴ ሲኬድ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጥጥ የሚፈትሉ አንዲት እናት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ቅዳሜ ከሰዓት በደጃቸው ሳልፍ ካዩኝ ቡና ሳልጠጣ አይለቁኝም።

በወጣትነታቸው ሥጋ ደዌ ይዟቸው ነበር። ለሕክምና ከገጠር ወደ ዘነበወርቅ መጡ፣ ዳኑ፣ በዚያው ቀሩ። በሽታው ከለቀቃቸው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ትቶት የሄደው ነገር ግን አለ። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። ደንዝዘዋልም። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ደህና ናቸው፤ እንዝርቱን የሚያሾሩት በእነሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ቡና ሲቀዱ ያቺ የታጠፈች ትንሽ ጣት የጀበናውን ሆድ ተደግፋለች። እኔ አየሁ። እሳቸው መቅዳታቸውን ቀጠሉ። «እማማ፣ ጣትዎ!» ብዬ ጮህኩ። ጀበናውን አስቀምጠው ጣታቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። ቆዳው ነጭ ሆኖ ተነስቷል።

«አይ፣ ደግሞ ተቃጠለች» አሉ፣ የሌላ ሰው ጣት እንደሚያዩ። «ብዙ ጊዜ ሽታው ነው የሚነግረኝ።»

ጣታቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው እንደተቀመጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ ታስተምር የለም? እስቲ ንገረኝ። ይኼ በሽታ ልቤን አልነካ፣ ሆዴን አልነካ። ነርቬን ማን አሳየው?»

አዎ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ደስታዬ ነው። ተመራማሪዎችም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጠይቁ የኖሩት ይህንኑ ነው። መልሱ ውስጥ ላሚኒን የሚባል ፕሮቲን አለ።

ላሚኒን ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን የሚኖርበትን ቤት እንይ። ሰውነታችን ከህዋሳት የተሠራ ነው ሲባል ሰምተናል። እውነት ነው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ህዋስ ብቻ ብንሆን ኖሮ ቆመን መሄድ ቀርቶ ቅርጽም አይኖረንም ነበር።

ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በእኛ አካባቢ ብሎኬቱ ቢበዛም ጭቃ ቤት አሁንም ይሠራል። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል። ከዚያ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካና ይመረጋል። ጭዱ ከሌለ ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በህዋሳት መካከልም እንዲህ ያለ ምርጊት አለ። ህዋሳቱ ራሳቸው ፕሮቲን እየሠሩ ወደ ውጭ ያወጣሉ። ፕሮቲኑ ውጭ እርስ በርሱ ይያያዝና ህዋሳቱ የሚቆሙበት፣ የሚደገፉበት ነገር ይሆናል። የሳይንስ ስሙ ኤክስትራሴሉላር ማትሪክስ ነው፤ እኔ እዚህ ምርጊት እያልኩ እቀጥላለሁ።

በዚህ ምርጊት ውስጥ ጭዱ ኮላጅን ነው። ጫማችሁ ከቆዳ ከሆነ ኮላጅንን በደንብ ታውቁታላችሁ። ቆዳ ሲለፋ ህዋሱም ፀጉሩም ይሄዳል፤ እግራችን ላይ የምናጠልቀው የቀረውን የኮላጅን ድርና ማግ ነው።

ጭቃ ቤቱ የማይነግረን አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። ጭቃ ለቋሚው ምንም አይለውም። የህዋስ ምርጊት ግን ይናገራል። ህዋሱ በላዩ ላይ ባሉት መቀበያዎች ምርጊቱን ይዳስሳል። በዚያ ንክኪ «እዚህ ቆይ»፣ «ተንቀሳቀስ»፣ «ተከፈል» የሚል መልእክት ያገኛል። አንዳንዱ ህዋስ የሚይዘው ምርጊት ካጣ ራሱን ያጠፋል። እንግዲህ ምርጊቱ መሙያ ብቻ አይደለም።

ላሚኒን ያለው በዚህ ምርጊት ስሱ ቦታ ላይ ነው። ከቆዳችን የላይኛው ንብርብር ሥር፣ በደም ሥሮች ዙሪያ፣ በእያንዳንዷ የጡንቻ ክር ላይና በነርቮች ሽፋን ላይ እንደ ሻሽ የሳሳ ንጣፍ አለ። ውፍረቱ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። የዚህ ንጣፍ ዋና መሥሪያ ላሚኒን ነው። አይጥ ላይ በተደረገ ጥናት ላሚኒን መሥራት የማይችሉ ጽንሶች ሳምንት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ላሚኒን ከሌለ ሰውነት ገና ከመነሻው መልክ አይዝም ማለት ነው።

ቅርጹን ለእማማ ያሳየኋቸው በራሳቸው ክር ነው። ከልቃቂቱ ሦስት ፈትል ቆረጥን፤ አንዱ ከሁለቱ ረዘም ይላል። ከመሃል ጀምረን ወደ ታች ሦስቱን አንድ ላይ ገመድናቸው። ከላይ ያልተገመዱት ሦስት ጫፎች ወደ ሦስት አቅጣጫ ተዘረጉ። እማማ ቀና አድርገው አይተውት «መስቀል ሆነ» አሉ። ልክ ናቸው። ላሚኒን በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ አለው። ሦስቱ ክሮች አልፋ፣ ቤታና ጋማ ይባላሉ። ከታች ተርፎ የተንጠለጠለው የአልፋ ክር ነው። እሱን ጫፉ ላይ አምስት ጊዜ ቋጠርኩት። እውነተኛው ላሚኒንም እዚያ ቦታ ላይ አምስት እንክብል ቋጠሮዎች አሉት።

ከላይ ያሉት አጫጭር ክንዶች ከሌሎች ላሚኒኖች ክንድ ጋር ተያይዘው መረቡን ይሠራሉ። ከታች ያሉት ቋጠሮዎች ደግሞ ህዋሱን ይይዛሉ። በአንድ እጁ ንጣፉን፣ በሌላው ህዋሱን የጨበጠ ፕሮቲን ነው።

ላሚኒን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አልፋው ብቻ አምስት ዓይነት አለው፤ ቤታውም ጋማውም እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። ሲጣመሩ ከ15 የሚበልጡ ላሚኒኖች ይወጣሉ። ስማቸው እንደ ቤት ቁጥር ነው። ላሚኒን 211 ማለት አልፋ 2፣ ቤታ 1፣ ጋማ 1 ማለት ነው። ለእማማ ጥያቄ የሚያስፈልገን ይኸው 211 ነው። ምክንያቱም ጡንቻችንንና የእጅና የእግር ነርቮቻችንን የሚሸፍነው እሱ ነው።

ነርቭ በሠፈራችን እንደሚያልፈው የኤሌክትሪክ ገመድ ፕላስቲክ ልባስ አለው ብላችሁ አስቡ። ልባሱ የሚሠራው ሽዋን በሚባሉ ህዋሳት ነው። እነዚህ ህዋሳት ነርቩን ይጠቀልላሉ፣ ይመግባሉ። ከውጭ በኩል ደግሞ ላሚኒን 211 ያለበት ስስ ንጣፍ ይለብሳሉ።

አሁን ወደ በሽታው። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው አርማወር ሃንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም ነው፤ ዓመቱም 1873 ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሱ ስም እኛም ጋ አለ። ዘነበወርቅ ያለው የሥጋ ደዌ ማዕከል አለርት በ1965 ተመሠረተ፤ በ1970 ደግሞ እዚያው ግቢ አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ተቋቋመ። ዘነበወርቅ ያኔ ከከተማው ውጭ ነበር። በሽተኛው ከሰው እንዲርቅ ተብሎ የተመረጠ ዳር ነው። ዛሬ ከተማው አልፎት ሄዷል።

ሃንሰን ያገኘው ባክቴሪያ አስቸጋሪ ነው። ሌላው ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ምግብ ከተሰጠው ይራባል። ይኼኛው እምቢ ይላል። እስከ ዛሬ በሳህን ላይ ያራባው የለም። በአይጥ መዳፍ ወይም አርማዲሎ በሚባል የአሜሪካ እንስሳ ውስጥ ነው የሚያራቡት። ለመባዛት ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። የሆድ ዕቃችን ባክቴሪያ ለዚያ ሥራ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። በሽታው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ የሚቆየውም አንዱ ምክንያት ይኸው ዝግታው ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ነርቭን በምን እንደሚይዝ እንዴት ይጠናል? እዚህ ላይ ነው ሪኮምቢናንት የሚባለው ነገር የሚመጣው።

ላሚኒን የተገኘው በ1979 ነው። መጀመሪያ የተገኘው ከአይጥ ዕጢ ነበር፤ ያ ዕጢ ምርጊቱን በብዛት ስለሚሠራ። ለረጅም ጊዜ ላቦራቶሪዎች የተጠቀሙት ከዚያው ዕጢ የሚወጣውን ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ የአይጥ ነው። ሁለተኛ ከዕጢ ሲወጣ ብቻውን አይመጣም፤ ሌላም ሌላም ፕሮቲን ተቀላቅሎ ይመጣል።

ሪኮምቢናንት የሆነው የሰው ላሚኒን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ላሚኒን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው የዘረመል ጽሑፍ ይወሰዳል። ጽሑፉ ባክቴሪያ ውስጥ ወይም በላቦራቶሪ በሚያድግ የሰው ህዋስ ውስጥ ይገባል። ህዋሱ ጽሑፉን እንደ ራሱ ያነብና ፕሮቲኑን ይሠራል። ፕሮቲኑ ተለቅሞ ይጣራል። መንገዱ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው የሰው ኢንሱሊን የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ለሕክምና የተፈቀደው በ1982 ነበር። የጉበት ቢ ክትባትም እንዲሁ ነው፤ እሱን የሚሠራው የዳቦ እርሾ ነው። ዳቦ የሚያስነሳው እርሾ ትእዛዙ ሲቀየርለት ክትባት መሥራቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ግን ንጽሕናው ብቻ አይደለም። ጽሑፉን መቁረጥ ይቻላል። ሙሉውን ላሚኒን ትቶ የታችኞቹን ቋጠሮዎች ብቻ ማሠራት ይቻላል። ያኔ ጥያቄው ጥርት ይላል፦ ባክቴሪያው የሚይዘው የትኛውን ቦታ ነው?

በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1997 ያደረጉት ይህንን ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያን ወስደው ከአልፋ 2 ቁራጮች ጋር አገናኙት። ባክቴሪያው ከቋጠሮዎቹ ጋር ተጣበቀ። ያንን በላቦራቶሪ የተሠራ ቁራጭ ሲጨምሩለት ባክቴሪያው ወደ ሽዋን ህዋሶች መጠጋቱ ጨመረ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በህዋሱ በኩል ላሚኒኑን የሚቀበለውን አሳወቁ፤ ዲስትሮግላይካን የሚባል ፕሮቲን ነው። በ2000 ሦስተኛው ክፍል ተገለጠ። ባክቴሪያው በግድግዳው ላይ ሌላ ባክቴሪያ የሌለው አንድ የስኳርና የቅባት ውሁድ አለው፤ ላሚኒኑን ከሚጨብጥባቸው አንዱ ያ ነው።

እንግዲህ ለእማማ የሰጠኋቸው መልስ ይኼ ነው። ነርቭዎን ማንም አላሳየውም። ነርቭዎ ከውጭ በኩል የለበሰው ፕሮቲን አለ። ፕሮቲኑ ሥራው ህዋሱን መያዝ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ ያንኑ ፕሮቲን መጨበጥ ይችላል። በሩን አልሰበረም፤ እጀታውን ነው የያዘው።

እማማ ዝም ብለው ቋጠሮዎቹን በአውራ ጣታቸው አሹ። ከዚያ «ታዲያ ጡንቻም ይኼ ነገር አለው አላልክም? ጡንቻዬን ለምን ተወው?» አሉ።

ይኼ ከመጀመሪያው የባሰ ከባድ ጥያቄ ነው። እጀታው ብቻውን ሁሉን ነገር አይመልስም። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። ከሰውነታችን የውስጥ ሙቀት ዝቅ ባለ፣ ከ30 ዲግሪ ብዙ ባልራቀ ሙቀት ነው የሚመቸው። ስለዚህ የሚያጠቃው ለቆዳ ቅርብ ሆነው የሚያልፉትን ነርቮች ነው። ክርናችሁን ግድግዳ ሲመታው እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረው ነርቭ አንዱ ነው። የእማማን ሁለት ጣቶች አጥፎ ያስቀራቸው የእሱ መጎዳት ነው። ከጉልበት ውጭ በኩል የሚያልፈው፣ ከቁርጭምጭሚት ውስጥ በኩል ያለውና የፊት ነርቭም እንዲሁ ናቸው። ሌላም አለ። ወደ ነርቭ መግቢያው በላሚኒን ብቻ አይደለም። ከገባም በኋላ ነርቩን የሚጎዳው ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን የራሳችን የመከላከያ ኃይል የሚያስነሳው ብግነት ነው፤ ብዙ ጊዜ የከፋውም እሱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መባል አለበት። ሥጋ ደዌ ጣት አይቆርጥም። ጣት የሚያጥረው ስሜት ስለሌለው ነው። ይቃጠላል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ሰውየው ስለማያመው አይጠነቀቅለትም። በዓመታት ውስጥ አጥንቱ ያልቃል። በዘር ይወርዳል የሚባለውም ስህተት ነው። ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛው ሰው ቢደርስበትም እንኳ አይታመምም። ሰውን ከዕድር ያስወጣ፣ ትዳር ያፈረሰ ወሬ መሠረቱ ይህን አለማወቅ ስለሆነ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ላሚኒን የሚታወሰው በሥጋ ደዌ ብቻ መሆኑ ደግሞ አይገባውም። አልፋ 2ን የሚጽፈው ዘረመል ከተበላሸ ሕፃኑ ሲወለድ ጀምሮ ጡንቻው ዝልፍልፍ ይላል። የጡንቻው ክር በተኮማተረ ቁጥር ንጣፉ ስለማይዘው ይጎዳል። የቆዳው ላሚኒን፣ 332 የሚባለው፣ ሲበላሽ ደግሞ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው ይላቀቃል። ትንሽ መታሸት ቆዳውን ያነሳዋል።

በ2015 ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት የ7 ዓመት ልጅ አብዛኛውን ቆዳውን አጥቶ ለሞት ተቃርቦ ነበር። ሐኪሞቹ ከደህናው ቦታ ጥቂት ቆዳ ወሰዱ። የጎደለውን ትክክለኛ ዘረመል ህዋሶቹ ውስጥ አስገቡ። ህዋሶቹን እንደ አንሶላ አሳድገው መልሰው ተከሉለት። የሰውነቱ 80 በመቶ ገደማ በአዲስ ቆዳ ተሸፈነ። ልጁ ድኖ ትምህርት ቤት ተመለሰ። ይህ የተቻለው የአንድ ላሚኒን አንድ ክር ስለተስተካከለ ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ነበር።

በላቦራቶሪ የሚሠራው የሰው ላሚኒን ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው ለግንደ ህዋስ ምርምር ነው። ግንደ ህዋስ ማለት ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነ፣ ልብም ነርቭም ቆዳም ሊሆን የሚችል ህዋስ ነው። በባዶ ፕላስቲክ ላይ አይኖርም። ሳህኑ 511 ወይም 521 በሚባለው ላሚኒን ሲቀባለት ግን ይይዛል፣ ይዘረጋል፣ ይባዛል። ወደፊት ወደ በሽተኛ የሚገባ ህዋስ ከአይጥ ዕጢ በወጣ ነገር ላይ ባያድግ ይመረጣል። የሰው የሆነው ንጹሕ ላሚኒን የተፈለገው ለዚህ ነው።

ይህን ሳወራ ብዙ ሰው ስለሚሸጠው የኮላጅን ዱቄትና ቅባት ይጠይቀኛል። በእኔ እይታ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። የሚጠጣ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ እንደ ሥጋና እንደ ሽሮ ይፈጫል። በቅባት መልክ ሲመጣ ደግሞ ትልቅ ስለሆነ ቆዳን አልፎ አይገባም። በላቦራቶሪ ብልቃጥ የሚመጣው ላሚኒን ደግሞ የምርምር ዕቃ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

የሥጋ ደዌ መድኃኒት ሌላ ነው፤ ቆንጆ መድኃኒትም ነው። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን አብረው ይሰጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ላይ እንዲሰጡ የመከረው በ1981 ነው። እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወር ወይም 12 ወር ይወሰዳሉ። በነፃ ነው። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፤ ከጨረሱት በኋላ እየለቀቀ ይሄዳል። ሰው ይህን ሳይነገረው ቀርቶ ደንግጦ እንዳያቋርጥ ነው የምጽፈው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ የገመድነውን ክር ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቅለውት አገኘሁ። «የእኔ ጣት ይመለሳል?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። የነርቭ ድንዛዜ ከጀመረ 6 ወር ካልሞላው ፕሬድኒሶሎን በሚባል መድኃኒት የመመለስ ዕድል አለው። ከቆየ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። የእሳቸው ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል።

«እሺ» አሉ። ከዚያ ወደ ግቢው ዞረው የተከራይ ልጅ ጠሩ። 13 ዓመት ቢሆናት ነው። ክንዷ ላይ ከቆዳዋ ፈዘዝ ያለ፣ ሳንቲም የሚያህል ቦታ አለ። እናቷ ቋቁቻ ነው ብላ ቅባት ስትቀባው ከርማለች። እማማ ከጥጡ ቆንጥረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው እንደ ጧፍ ክር አሾሉት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ስነካሽ በጣትሽ ያንን ቦታ አሳዪኝ» አሏት።

መዳፏን ነኩት፤ አሳየች። ከክርኗ በታች ነኩት፤ አሳየች። የፈዘዘውን ቦታ ነኩት። ልጅቷ ዓይኗን እንደጨፈነች ጠበቀች። ደግመው ነኩት።

«ጀምሩ እንጂ እማማ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ከእናቷ ጋር ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሐኪሙ ክርኗ ውስጥ ያለውን ነርቭ በጣቱ እየተከተለ ዳሰሰው፤ አላበጠም። የእጇ ጉልበትም ደህና ነው። የመጀመሪያውን ቀን መድኃኒት እዚያው እፊቱ አስዋጣት። አሁን ሁለተኛ ወሯን ይዛለች፤ ክኒኑን በየቀኑ የሚያስታውሷት እማማ ናቸው።